ስድሳው ቀን የእናንተም ጉዳይ ነው

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማዕከላት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች አመራሮች

የተከበራችሁ አመራሮች፣

ወደ እናንተ ደጅ ከሚመላለሰው ሕዝብ መካከል ጤናውን ለሥራ ከፍሎ የቀረ ብዙ ነው። ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ወገቡ የተጎዳ አለ፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ትከሻዋ የከዳት አለች፤ አረጋውያንን ስታነሳና ስታስተኛ ኖራ ዛሬ ራሷን ማንሳት ያቃታት አለች። እነዚህ ሰዎች ለሶሻል ሴኩሪቲ የዲሳቢሊቲ ማመልከቻ ያስገባሉ። ከወራት ጥበቃ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የክልከላ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ነገሩ እዚያው አለቀ ብለው የሚተዉት ጥቂት አይደሉም። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ነገሩ አላለቀም ለማለት ነው። የይግባኙን ሥራ ለማገዝም ከማንም በላይ ቅርብ የሆናችሁት እናንተ ናችሁ ብዬ አምናለሁ።

ከአሠራሩ እንነሳ። የዲሳቢሊቲ መድን በሕግ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ ገቢና ንብረታቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው ኤስ ኤስ አይ ደግሞ በ1974 መከፈል ጀመረ። ለአዋቂ ሰው በሁለቱም የሚሠራበት መለኪያ አንድ ነው፤ ጥብቅም ነው። ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ፣ አለዚያም ለሞት የሚያደርስ መሆን አለበት። አመልካቹ የቀድሞ ሥራውን ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ በብዛት የሚገኝ ሌላ ሥራም መሥራት እንደማይችል መታየት አለበት። በመጀመሪያው ዙር ከአመልካቾቹ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ይከለከላሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ደረጃዎች አራት ናቸው፦ ዳግም ግምገማ፣ በአስተዳደር ሕግ ዳኛ ፊት የሚደረግ ችሎት፣ የይግባኝ ጉባኤ፣ በመጨረሻም የፌዴራል ፍርድ ቤት። ዳግም ግምገማውን የሚያየው በመጀመሪያው ውሳኔ ያልተሳተፈ ሌላ ሠራተኛ ቢሆንም ሥራው የሚካሄደው የመጀመሪያውን ውሳኔ በሰጠው የክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በወረቀት ላይ ነው፤ የሚፈቀድለትም ከሰባት ሰው አንዱ ገደማ ነው። ዳኛው ዘንድ ሲደረስ ግን ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ይፈቀድላቸዋል። አመልካቹ ስለ ሕመሙ ለሚወስንለት ሰው በአንደበቱ የሚናገረው እዚህ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ደብዳቤ ተስፋ ቆርጦ የተወ ሰው፣ የሚወስንለት ሰው ሳይሰማው ነው የተወው።

ደብዳቤው «አልታመምክም» አይልም። የሚለው «በእጃችን ያለው ማስረጃ መሥራት አለመቻልህን አያሳይም» ነው። በመዝገቡ ያልሰፈረ ሕመም ለወሳኙ የለም ማለት ነው፤ የእኛ ሰው ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ በመዝገብ አይሰፍርም። ሕመምን አለመዘርዘር በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። ሐኪም «እንዴት ሰነበትክ?» ሲል አስቀድሞ ምስጋና ይቀርባል፣ ሐኪሙም «ደህና ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ያ መስመር ከሁለት ዓመት በኋላ የክልከላ ምክንያት ሆኖ ይመጣል። ስለ ዕለት ኑሮ የሚጠይቀው ቅጽ ላይም እንዲሁ ነው። ምግብ ታበስያለሽ ወይ፣ ገበያ ትሄጃለሽ ወይ፣ ቤተ ክርስቲያን ትስሚያለሽ ወይ ይላል፤ እሷም አዎ ብላ ትሞላለች። ሽንኩርቱን ከትፋ አርፋ እንደምትቀጥል፣ የገበያውን ዕቃ ልጇ እንደሚሸከምላት፣ ቅዳሴውን ግማሹን ተቀምጣ እንደምታሳልፍ አትጽፍም። ማጋነን እንዳይመስልባት የፈራችው ነገር እውነቱን አጎደለው።

የሐኪሙም ማስረጃ ከዚህ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. ከማርች 27 ቀን 2017 ወዲህ በቀረቡ ማመልከቻዎች ላይ የራስ ሐኪም አስተያየት፣ የራስ ሐኪም ስለሆነ ብቻ የተለየ ክብደት አይሰጠውም፤ በምርመራ ውጤት መደገፉና ከቀረው መዝገብ ጋር መስማማቱ ነው የሚታየው። «ይህ ሰው መሥራት አይችልም» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤም እምብዛም አይረዳም፣ ያንን የመወሰን ሥልጣን የመሥሪያ ቤቱ ነውና። የሚፈለገው ዝርዝር ነው፦ በቀን ስንት ሰዓት መቆም ይችላል፣ ስንት ሰዓት መቀመጥ፣ ስንት ፓውንድ ማንሳት፣ በወር ስንት ቀን በሕመም ይቀራል። ይህን ሐኪሙ እንዲጽፍ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። በአፕሪል 2020 ሥራ ላይ የዋለው ለውጥ ደግሞ ሸክሙን አክብዶታል። ከዚያ በፊት በእንግሊዝኛ መግባባት አለመቻል አመልካቹ ሌላ ሥራ ያገኛል ወይ ተብሎ ሲመዘን ራሱን የቻለ መለኪያ ነበር፤ አሁን ቀርቷል። እንግሊዝኛ የማትችል የ55 ዓመት የጽዳት ሠራተኛ ከቋንቋዋ የምታገኘው ድጋፍ ስለሌለ ጉዳይዋ በአብዛኛው የሚቆመው በሕክምና ማስረጃው ላይ ነው።

እንግዲህ ጊዜው። ይግባኝ ለማለት የተሰጠው 60 ቀን ነው፤ ደብዳቤው ከተጻፈበት በ5 ቀን ውስጥ እንደደረሰ ይታሰባል። በዲሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ግን የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፣ ደብዳቤውንም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው የሚልከው። ጠረጴዛ ላይ ሳይነበብ የሚሰነብተው ፖስታ ከስድሳው ቀን ላይ እየቀነሰ ነው። ቀኑ ያለፈበት ሰውም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ ደንቡ ራሱ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማነስን ለመዘግየት በቂ ምክንያት ሊሆኑ ከሚችሉት መካከል ይጠቅሰዋል፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ይቻላል።

«ይግባኙ ምን ይሠራል፣ እንደገና ማመልከት ይሻላል» የሚል ምክር በየቡና ቤቱ ይሰማል። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ኤስ ኤስ አይ ከማመልከቻው ቀን በፊት ላለው ጊዜ አይከፍልም፤ አዲስ ማመልከቻ ያስገባ ሰው የቀድሞውን ወራት ጥሎ ነው የሚጀምረው። የዲሳቢሊቲ መድኑም ወደ ኋላ የሚከፍለው ከማመልከቻው በፊት ቢበዛ 12 ወር ነው። ከዚህም በላይ የመድኑ ሽፋን ራሱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ለአብዛኛው ሠራተኛ ሥራ ካቆመ ከ5 ዓመት ገደማ በኋላ ያበቃል። እየደጋገመ የሚያመለክት ሰው ሽፋኑ አልፎበት ሊገኝ ይችላል። ኤስ ኤስ አይ የሚያገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሰዎችም ዜግነት ካላገኙ በአብዛኛው የ7 ዓመት ገደብ አለባቸው።

ከእናንተ መካከል «ይህ የጠበቃ ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። ጠበቃ በእርግጥ ይጠቅማል። የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ፣ ጋኦ የሚባለው፣ በ2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ችሎት ከቀረቡት መካከል ወኪል የነበራቸው ሰዎች የተፈቀደላቸው ከሌላቸው ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። ጠበቆች የሚረቱ መዝገቦችን መርጠው ይይዛሉ የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ ቁጥሩ ሁሉ የጠበቃ ችሎታ ውጤት ነው አልልም። ሆኖም ያው ተቃውሞ ወደ እናንተ ያደርሰናል፦ ጠበቃው የሚመርጠው መዝገቡ የተሟላለትን ሰው ከሆነ፣ መዝገቡ እንዲሟላ የሚያግዝ ሰው ከጠበቃው በፊት ያስፈልጋል። ክፍያውም ሰውን ሊያስፈራ አይገባም። በተለመደው ስምምነት ጠበቃው የሚወስደው ሲረታ ብቻ፣ ለአመልካቹ ከሚከፈለው ውዝፍ 25 በመቶ ነው፤ ጣሪያም አለው፣ በ2024 መጨረሻ 9,200 ዶላር ነበር። ነገር ግን የኤስ ኤስ አይ ውዝፍ ትንሽ ስለሚሆን ለእነዚህ ሰዎች ጠበቃ ማግኘት ይከብዳል። ቅጽ መሙላትና ቀን መቁጠር የጠበቃ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጠበቃ ያልሆነ ሰው እንኳ በጽሑፍ ተሹሞ አመልካችን እንዲወክል ደንቡ ይፈቅዳል።

ሌላው ተቃውሞ በሹክሹክታ የሚነገረው ነው፦ ሰውን ጥገኝነት እናስተምራለን፣ አጭበርባሪንም እንረዳለን። ለዚህ በቀጥታ መመለስ እወዳለሁ። የዲሳቢሊቲ መድን ምጽዋት አይደለም። ሠራተኛው ከደመወዙ 6.2 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ያንኑ ያህል ለሶሻል ሴኩሪቲ ይከፍላሉ፤ በግሉ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ሁለቱንም ራሱ ይከፍላል። ሲሠራ የከፈለውን ሲታመም መጠየቁ መብቱ ነው። ኤስ ኤስ አይም ቢሆን በሕግ የተደነገገ ድጋፍ ነው። ማጭበርበርን በተመለከተ፣ ይግባኝ የሚጠይቀው የበለጠ ማስረጃ እንጂ ያነሰ አይደለም፤ በዳኛ ፊት በመሐላ መናገር አለ። በተጓደለ መዝገብ የሚጎዳው በእውነት የታመመው ሰው ነው። የኢሚግሬሽን ፍርሃትም አለ። ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ለግሪን ካርድ ሲያመለክቱ ከፐብሊክ ቻርጅ፣ ማለትም «የመንግሥት ሸክም ይሆናል ወይ» ከሚለው መመዘኛ በሕግ ነፃ ናቸው፤ ለዜግነት ማመልከቻም ይህ መመዘኛ የለም። በሌላ መንገድ ግሪን ካርድ የሚጠብቅ ሰው ኤስ ኤስ አይ ከመጠየቁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

የምለምናችሁ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በየተቋማችሁ በሳምንት አንድ ቀን፣ እንግሊዝኛና አማርኛ አጥርተው የሚያውቁና ምሥጢር የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይቀመጡ፤ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚችል ቢታከል ደግሞ መልካም ነው። የመጣውን ደብዳቤ ያንብቡለት፣ የመጨረሻውን ቀን ጽፈው ይስጡት። ለዳግም ግምገማ ኤስ ኤስ ኤ 561 የተባለውን ቅጽ፣ ከዚያም ስለ ጤናው የሚጠይቀውን 3441ን አብረውት ይሙሉ፤ ያስገባበትን ማረጋገጫ ያስቀምጡለት። ለሐኪሙ የሚቀርበውን የጥያቄ ዝርዝር አዘጋጅተው ያስይዙት። ሶሻል ሴኩሪቲ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ አሠራር አለው፤ ሰዎቻችን ይህን እንዲጠይቁ ይንገሯቸው፣ የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም እየተረጎመ እንዳይቀመጥ። ከነፃ የሕግ አገልግሎት ድርጅቶች ጋር ስምምነት ያድርጉ፤ ጉዳዩ ችሎት ሲደርስ ሰውየው ባዶ እጁን አይላክ። ለዚህ ሁሉ ከአመልካቹ ሳንቲም አይቀበሉ።

ጋኦ በ2020 እንዳስታወቀው፣ ከ2008 እስከ 2019 በጀት ዓመት ይግባኝ ካሉት ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች መካከል 109,725ቱ የመጨረሻው ውሳኔ ሳይደርሳቸው ሞተዋል። ሰው ሲሞት እድራችን ይጠራል፣ ገንዘብ በአንድ ቀን ይሰበሰባል፣ አስከሬን አገር ቤት ይሸኛል። ይህን ማድረግ የሚችል ማኅበረሰብ በሕይወት ላለ በሽተኛ ቅጽ የሚሞላ ሰው አያጣም። ጉዳዩን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳ እንድታደርጉት፣ ቀኑንና ክፍሉን ወስናችሁም ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለምእመናን እንድታሳውቁ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከማኅበረሰቡ አባል