«ብርድ መቷት ነው» አትበሉ!

ክረምት ሲገባ ጨንቻም ሆነ አርባ ምንጭ ዶሮ ላባዋን ነፍታ ጥግ ስትይዝ «ብርድ መቷት ነው» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ብርድ ብቻ ከሆነ ፀሐይ ስትወጣ ትነቃቃለች፣ ጥሬዋን ትለቅማለች። ሙቀት አግኝታም ካልበላች፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ከያዛት፣ ክንፏ ከወደቀ ወይም አንገቷ ከተጣመመ ግን ፈንግልን ጠርጥሩ።

እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ሰው የራሱን ቴትራሳይክሊን በጥብጦ ያጠጣታል። ፈንግል ቫይረስ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ቫይረስ አይገድልም። ትርፉ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች ማፍራት ነው፤ ነገ እኛው ስንታመም መድኃኒቱ እምቢ ይለናል።

«ሳትሞት እንሽጣት» ብሎ ገበያ ማውጣትም በሽታውን ለጎረቤት ማደል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የታመመችውን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ቫይረሱ የሰውንም ዓይን ያቀላል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። የፈንግል መከላከያ ክትባት ነው፤ ክትባቱም ቢሾፍቱ፣ እዚሁ አገራችን ይመረታል። ስለዚህ ጤነኞቹን ክረምቱ ሳይከብድ አስከትቡ።