ገበሬው የሚፈራው ታብሌቱን አይደለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ቢቸና ዙሪያ ገጠር ያለውን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ሁለት ወጣቶች ታብሌት ይዘው ደረሱ። ገበሬ እየመዘገቡ ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው። "እንደምን ዋሉ አባታችን" ብለው፣ የተቀዳላቸውን ቡና ጠጥተው ጥያቄያቸውን ጀመሩ። ስንት ጥማድ መሬት አለዎት? ስንት በሬ? ስንት ላም? አምና ስንት ኩንታል ጤፍ አስገቡ?

አጎቴ መሬቱን አሳነሰ። ከብቱን ቀነሰ። ጤፉንማ ከግማሽ በታች አወረደው። ቀጥለው "ለዘንድሮ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ይፈልጋሉ?" ሲሉት ግን ከሚያስፈልገው እጥፍ ጠራ። ልጆቹ የተባሉትን ሁሉ መዝግበው፣ አመስግነው ወጡ።

"ምነው አያ?" አልኩት ከሄዱ በኋላ።

ሳቅ አለ። "ልጄ፣ ያለህን ስትናገር ይወስዱብሃል፤ የሚያስፈልግህን ስትናገር ይቀንሱብሃል። ታዲያ እውነቱን የቱ ላይ ልናገር?"

ስለ ዲጂታል ግብርና ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ ብዙ መግለጫ ዘግቤአለሁ። እንደዚህች ንግግር ጉዳዩን የገለጸልኝ የለም። ሳተላይት፣ መተግበሪያ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተባለ የምንሰማው ብዙው ነገር መጨረሻ ላይ የሚቆመው አጎቴ ለእነዚያ ልጆች በነገራቸው ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ውሸት ነው።

በቅድሚያ ቴክኖሎጂውን እንደማልቃወም ይታወቅልኝ። እንዲያውም የእኛ አገር ያህል መረጃ የሚያስፈልገው እርሻ የት አለ? ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ሞጣ የሚዘልቀውን መንገድ የተጓዘ ያውቀዋል። ቢቸና አካባቢ መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ውኃ ይይዛል፣ ገበሬው ውኃው እስኪጠነፍፍ ጠብቆ ጤፉን ይዘራል። ወደ ጮቄ ተዳፋት ወጣ ሲሉ ደግሞ ቀይና አሲዳማ አፈር ይበዛል፤ እሱ ኖራ ይፈልጋል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ማዳበሪያ፣ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት ለጨጓራውም ለወገቡም አንድ ክኒን እንደ ማዘዝ ነው።

ይህን ለማስተካከል የተሞከረ ነገር አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ (የዛሬው ኢንስቲትዩት) ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን አፈር ናሙና እያስወሰደ የለምነት ካርታ አሠርቷል። ለአሥርት ዓመታት ከዳፕና ከዩሪያ ሌላ የማናውቅ ሰዎች፣ አፈራችን ሰልፈርም ቦሮንም ዚንክም እንደሚጎድለው የተረዳነው በዚህ ሥራ ነው። ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ያለውን የመርከብ ዩኒየን ጨምሮ የማዳበሪያ ማደባለቂያ ፋብሪካዎችም ተተከሉ። ትልቅ ሥራ ነው።

አጎቴ ግን ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ "ዳፕ ቀረ፣ ሌላ መጣ።" ለምን እንደቀረ የነገረው የለም። መረጃው ከመሬቱ ተነስቶ ወደ ላይ ሄደ፤ ምክንያቱ ግን ወደ ታች አልወረደም።

"ገበሬው ኋላ ቀር ስለሆነ ነው" የሚለኝ ካለ 8028ን አስታውሰዋለሁ። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ የጀመረው ይህ ነጻ የስልክ መስመር ስማርት ስልክም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ቁጥር እየተጫኑ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በኋላም በሌሎች ቋንቋዎች ስለ እርሻ ዝግጅት፣ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም መስማት ይቻላል። የስንዴ ዋግ ሲነሳ ማስጠንቀቂያ ተልኮበታል። በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ ተደርጎበታል። ኋላ ቀር የተባለው ገበሬ ነው የደወለው። ለምን? መስመሩ የጠየቀው ጥቂት፣ የሰጠው ብዙ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ፍርሃቱ ከማሽኑ ካልሆነ ከምንድን ነው? ከመለካትና ከመመዝገብ ነው። ለዚህ ደግሞ የቢቸናና የሞጣ ሰው በቂ ምክንያት አለው።

በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያወጣ እምቢታው ከተቀጣጠለባቸው የጎጃም አውራጃዎች መካከል ሞጣና ቢቸና ዋነኞቹ ነበሩ። በወረቀት ላይ አዋጁ ግብር የሚጥለው በምርት ላይ ነበር። ገበሬው ግን ከገማቹ ኋላ ቃላድ ጣዩ ሲመጣ ታየው፤ መሬት ከተለካ ርስት ይሄዳል ብሎ ገማቾቹን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ይህን ታሪክ አጎቴ ከመጽሐፍ አላነበበውም፤ ከአባቱ ነው የሰማው።

ከዚያም 1989 ዓ.ም. መጣ። በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል "ቢሮክራት" ተብሎ የተመዘገበ ሰው መሬቱ ተቆርሶ ሄደ። መዝገብ ላይ በአንዲት ቃል መፈረጅ ምን እንደሚያስከትል ያን ዓመት ያየ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ዛሬም ለታብሌቱ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። በዚያ ላይ ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ ቸነፈር እንደወረደ ከቤተ ክርስቲያን የሰማ ሕዝብ ነው።

ነገር ግን ይኸው ገበሬ መለካትን በደስታ የተቀበለበት ጊዜም አለ። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር መሬቱ ተለካ፣ ተመዘገበ። ልዩነቱ ምን ነበር? ልኬታው በጎረቤት ፊት ነው የተደረገው፣ ኮሚቴውን የመረጠው ቀበሌው ራሱ ነው፣ ስህተት ያየ ሰው መቃወም ይችል ነበር። ከሁሉም በላይ ደብተሩ የባልም የሚስትም ስም ይዞ ቤት ገባ። ድንበር የተገፋ ሰው ያንን ደብተር ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል። አጎቴ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሳጥን ሥር ነው የሚያስቀምጠው። የገፋው መዝገብ እንዳለ ሁሉ ያቀፈውም መዝገብ አለ ማለት ነው።

የኔ ክርክር ይህ ነው። መረጃው ለገበሬው ተመልሶ የማይታይ ከሆነ ገበሬው አይዋሽም ብለን አንጠብቅ። የውሸቱም ዋጋ ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የተፈጠረውን የማዳበሪያ እጥረት እናስታውስ። ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ሰልፍ ወጡ፤ ማዳበሪያ በጥቁር ገበያ ከመንግሥት ዋጋ በላይ ይቸበቸብ ነበር። የእጥረቱ መነሻ ቁጥር ብቻ ነው አልልም፤ ማዳበሪያ ሁሉ ከውጭ በጂቡቲ በኩል ለሚያስገባ አገር የግዥ መዘግየት ብቻውን ይበቃል። ግን አንዱ ፍላጎቱን እጥፍ አድርጎ ሲናገር፣ ቀበሌው ደግሞ እንደሚዋሽ አውቆ በግምት ሲቀንስ፣ የተጎዳው እውነቱን የተናገረው ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመት እሱም ይዋሻል። በዚህ መዝገብ ላይ የተሠራ መተግበሪያ ስህተቱን በፍጥነት ከማሰራጨት ሌላ ምን ይፈይዳል?

ሌላም አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለዓመት ገደማ ተቋርጦ ነበር። በአንዳንድ ቦታ የድምፅ ጥሪም የጠፋበት ጊዜ ነበር። ስለ ጸጥታው የሚባለውን ለጊዜው እንተወውና የእርሻውን ብቻ እንይ፦ ምክሩን፣ ዋጋውን፣ ክፍያውን ሁሉ ስልክ ላይ የጫነ ገበሬ መስመሩ ሲቆረጥ ምን ይይዛል? የጤፍን የአዲስ አበባ ዋጋ ጠይቆ ማወቅ ካልቻለ ደላላው ያለውን ተቀብሎ ይሸጣል። ድሮን ለእርሻ እያልን በአዳራሽ ስንወያይም አንድ ነገር አንርሳ፤ ዛሬ በጎጃም ገጠር ድሮን ሲባል ማንም ሰው ትዝ የሚለው የተባይ መድኃኒት ርጭት አይደለም።

"ይህ የእኛ አገር ችግር ነው" ለሚሉኝ ደግሞ፣ አይደለም። ትራክተሩ ራሱ መረጃ በሚልክበት በአሜሪካ እንኳ የገበሬ ማኅበራትና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ተቀምጠው ከእርሻው የሚሰበሰበው መረጃ የገበሬው ነው የሚል መርሕ እስከመፈረም ደርሰዋል። የአጎቴ ጥርጣሬ የእነሱም ጥርጣሬ ነበር። የእነሱ ማኅበር ስላላቸው ተሰማ።

እኛም ሕጉ አለን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማሳረም መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ ከቢቸና ይጀመር። የተመዘገበ ገበሬ ሁሉ ደብተሩን እንደተቀበለ የተመዘገበለትን በወረቀት ይቀበል፤ ማንበብ ለማይችል ይነበብለት። መረጃው ለምን እንደሚውል፣ ለግብር ይሁን ለማዳበሪያ፣ መጀመሪያ ይነገረው፤ የተነገረውም ቃል ይጠበቅ። የአፈሩ ምርመራ ውጤት በመንደሩ ስብሰባ ይገለጽ። አገልግሎቱም እንደ 8028 ተራ ስልክ ላይ የሚሠራ ይሁን፣ መስመሩም አይቆረጥ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሳተላይት ዋጋ ይረክሳል።

አጎቴን በቅርቡ በስልክ አግኝቼው ነበር። "አያ፣ እነዚያ ልጆች ተመልሰው ቢመጡስ?" አልኩት።

"እንደ ደብተሩ ከሆነ ልኩን እነግራቸዋለሁ" አለኝ። "እንደ ድሮው ከሆነ ግን አንድ በሬ ነው ያለኝ።"

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ በምዝገባው ሥራ ላይ የተሳተፋችሁ ወጣቶች ያያችሁትን ጻፉልን።