የሕፃን ምጥን ከረጢት ላይ እንጻፍበት

እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ የሐበሻ እህልና ቅመም የምንሸጥ ሰዎች ከመደርደሪያችን የማይጠፋ አንድ ከረጢት አለ፤ የሕፃን ምጥን። ገብስ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ አንዳንዴ አብሽ፣ «ጉልበት ይሰጠዋል» ብለን ደግሞ ለውዝ እንጨምርበታለን። ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በላስቲክ ታስሮ ይሸጣል። ላዩ ላይ የሚጻፍ ነገር ቢኖር ኪሎው ብቻ ነው። ገዢው አይጠይቅም፣ እኛም አንናገርም።

አንዲት ደንበኛችን የአንድ ዓመት ልጅ አላት። ለውዝ እንደማይስማማው ሐኪም ነግሯት ስለነበር ቤቷ ለውዝ አታስገባም። የእኛ ምጥን ውስጥ እንዳለ ግን አላወቀችም። ገንፎውን ካበላችው ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ የልጁ ከንፈር አበጠ፣ ገላው ሳማ እንደለበለበው ሆነ፣ ከዚያም ትንፋሹ ያጥረው ጀመር። ጎረቤት በመኪናው ሐኪም ቤት አደረሳቸው፤ መርፌ ተወግቶ ተረፈ። በማግስቱ ከረጢቱን ይዛ መጥታ «እስቲ ምን ምን አለበት?» ስትለን ቆጥረን መጨረስ አቃተን። ሌላውን መውቀስ አንችልም፤ የመጠንነውም የሸጥነውም እኛው ነን።

ለእንደዚህ ያሉ እናቶች ሐኪም የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ከመግዛትሽ በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቢ» የሚል ነው። የእኛ ዕቃ ላይ ግን የሚነበብ ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት ኮዴክስ የሚባለው የምግብ ደረጃ አውጪ፣ በታሸገ ምግብ ላይ ምንጊዜም በስም መጠቀስ አለባቸው ካላቸው ውስጥ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ለውዝና ስንዴ ይገኙበታል። ሕጉ ለትልልቅ ፋብሪካ ነው ብለን እንዳናልፈው፤ የሕፃኑ ገላ ፋብሪካና ጉሊት አይለይም።

«የምጥናችን ሙያ ይወሰድብናል» የሚሉ አሉ። ሙያው ያለው መጠኑና አቆላሉ ላይ ነው። እሱ ምስጢር ይሁን፤ የእህሉ ስም ግን ይጻፍ። «ድሮ አለርጂ የሚባል መቼ ነበር?» የሚሉም አሉ። ስሙ አልነበረም እንጂ ሕመሙስ ነበር። ልጅ በልቶ ድንገት ሲያብጥ «ቡዳ በላው»፣ ሲያስመልሰው «ጥርስ ሊያበቅል ነው» እያልን አሳልፈነዋል።

ስም መጻፍ ብቻም አይበቃም። ለውዝ በተፈጨበት ወፍጮ ወዲያው ገብስ ቢፈጭ ቅሪቱ አብሮ ይወጣል፤ አንዳንድ ልጅ ደግሞ በጣም ትንሹም ያሳምመዋል። ስለዚህ የለውዙን መጨረሻ ላይ መፍጨት፣ ወፍጮውን ማጽዳት፣ ማንኪያውንም መለየት አለብን። አብሽ የለውዝ ዘመድ ስለሆነ ለውዝ የማይስማማውን ልጅ እሱም ሊነካው ይችላል። እዚህ የሚሸጥ እንጀራም ስንዴ ሊቀላቀልበት ስለሚችል «ጤፍ ነው» ብለን መገላገል የለብንም።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ፈርታችሁ ሁሉን ነገር አትከልክሉ፤ የአንድ ዓመት ልጅ የሚያድገው በምግብ ነው። የሚከለከለውን ሐኪም መርምሮ ይለይላችሁ፣ በምን እንደሚተካም ይንገራችሁ። የላም ወተት አልስማማ ሲለው ወደ ፍየል ወተት መዞር ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ፕሮቲናቸው በጣም ይመሳሰላል። በሰፈራችን እንደልብ የሚገኘውን የግመል ወተትም ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ። አለርጂ የሌለበትን ልጅ ደግሞ ከለውዝ ማራቅ ከአለርጂ አያድነውም። እንግሊዝ አገር ከ600 በላይ ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት በመጀመሪያው ዓመታቸው ለውዝ ሲጀምሩ በኋላ የለውዝ አለርጂ የሚይዛቸው በጣም ጥቂቶቹን ነው። እንደነዚህ ያሉትን የሚያስጀምረው ግን ሐኪም አይቷቸው ነው፤ አጀማመሩም በላመ መልክ ነው፤ ፍሬው ያንቃል።

ቡና ላይ የምንሰበሰብ ሁላችንም ደግሞ ጉርሻችንን እንያዝ። የሰው ልጅ አፍ ውስጥ ቆሎም ሆነ ዳቦ ከማድረጋችን በፊት እናቱን እንጠይቅ። «አይበላም» ስትል ኩራት አይምሰለን። ሞግዚቷ ኬንያዊት ከሆነች በምታውቀው ቋንቋ ይነገራት፦ ለውዝ ካራንጋ፣ ወተት ማዚዋ፣ እንቁላል ማያይ፣ ስንዴ ንጋኖ፣ ዓሣ ሳማኪ ነው። «ምቶቶ ሁዩ ሃሊ ካራንጋ» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከሱቅ የሚገዛ የኡጂ ዱቄት ውስጥም ካራንጋ፣ አኩሪ አተር ወይም ኦሜና የምትባለው ትንሽ ዓሣ ሊኖር ስለሚችል አንብባችሁ ግዙ። ልጁ መተንፈስ ካቃተው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከዛለ ሽሮፕ እየሰጣችሁ አትጠብቁ፤ የሚያስፈልገው የአድሬናሊን መርፌ ነውና ሐኪም ቤት ሩጡ።

እኛ ጀምረናል። ለውዝ ያለበትንና የሌለበትን ምጥን በተለያየ ቀን እናስፈጫለን። ከረጢቱ ላይ የእህሉን ስም በአማርኛና በስዋሂሊ፣ ከነተፈጨበት ቀኑ እንጽፋለን። የጠየቀን ወጪ አንድ እስክሪብቶና ጥቂት ወረቀት ነው። ሌሎቻችሁም ነጋዴዎች ዛሬውኑ ጀምሩ። እናንተ ገዢዎች ደግሞ ያልተጻፈበት ከረጢት ሲሰጣችሁ፣ ከእኛም ሱቅ ቢሆን፣ አትውሰዱ።