በማደንና በማዳን መካከል

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ሽቦ አልባ መገናኛ ለአገሩ እንግዳ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። ድምፅ ያለ ሽቦ፣ በአየር ብቻ ተጉዞ ይደርሳል ሲባል የሰማ ሰው ነገሩን በነፋስ መስሎ ጠራው፤ ስሙም ለሠፈሩ ቀረ። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ሃና ማርያም፣ በአየር የሚመጣው ድምፅ የሚኒባስ ረዳት ጥሪና የሕንፃ ግንባታ ጩኸት ነው። ንጋት ላይ ግን፣ የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም፣ ሌላ ድምፅ ይቀድማል። ማጭድ የመሰለ ምንቃር ያላት፣ ከጉሮሮዋ ሥር ቀጭን ሥጋ የምታንጠለጥል ጠቆር ያለች ትልቅ ወፍ ከባሕር ዛፍ ላይ ተነሥታ በሻካራ ድምፅ እየጮኸች ታልፋለች። የዘርፉ ሰዎች ዋትልድ አይቢስ ይሏታል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የለችም። እሷን ለማየት ባሕር አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ የላፍቶ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ ይሰማታል።

እነዚያ እንግዶች ያን ሁሉ መንገድ የሚጓዙት ወፍ ለማየት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ብርቅ እንስሳ ፍለጋ ወጥቶ የተመለሰን ሰው ቀርቦ ላዳመጠው ግን ወሬው ቶሎ ከእንስሳው ይርቅና አብሮት ወደነበረው ሰው፣ ወዳደሩበት ብርድ፣ አብረው ወደሳቱት መንገድ ይሄዳል። በዱር ፍለጋ ውስጥ ሰውን የሚያድነው ነገርም ያለው እዚያ ነው። ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ሆነው ወደ አንድ ቁጥቋጦ ሲመለከቱ፣ ማን ታማሚ ማን አስታማሚ እንደሆነ ለጊዜው ይጠፋል።

አስታማሚ የሚለው ቃል ክቡር ቃል ነው። ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛ ብቻውን አይሄድም፤ ሆስፒታል የተኛም ደጅ ላይ ጋቢ ለብሶ የሚያድርለት ሰው አያጣም። ሐዘን የደረሰበት ቤት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዘመድ ፍራሽ ላይ አብሮ ይቀመጣል። ይህን ሥርዓት የሚያህል መጽናኛ ብዙ ሕዝብ የለውም። ሆኖም አንድ ክብደት አለበት፤ ያዘነው ሰው መሐል ላይ ተቀምጦ ይታያል። ጠያቂ በገባ ቁጥር «በረታህ?» ሲባል መልስ መስጠት አለበት። ወራት ካለፉ በኋላም፣ ድንኳኑ ከተነሣና ሰው ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላም፣ ወዳጅ ሲመጣ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ቃል ያጣ ሰው፣ በተለይ ወንድ ልጅ እንባውን እንዲውጥ ተነግሮት ያደገ ሰው፣ ይህን እይታ ይሸሻል። ወዳጁን የሚሸሸው ስለጠላው አይደለም፤ የሚመልሰው ስላጣ ነው።

ፍለጋ ለዚህ ሰው ሌላ በር ይከፍትለታል። ዝምታው ምክንያት አለው፤ እንስሳው እንዳይበረግግ ነው። ዓይኑን ከወዳጁ ዓይን መንቀሉም ነውር የለበትም፤ ሣሩን ማየት አለበትና። በዚህ መሐል፣ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ከተጠበቀ በኋላ፣ ያልተጠየቀ ነገር በራሱ ጊዜ ይወጣል።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያስቀመጠው አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ማደን እና ማዳን በአንዲት ፊደል ቅርጽ ይለያያሉ፤ ሁለቱንም የሚሠራው ሰው ግን አንድ ስም አለው፤ አዳኝ። ዳነ ከግዕዙ ድኅነ የመጣ ስለሆነ ቃላቱ በትውልድ ዘመድ አይደሉም፤ ጆሮ ግን ያዛምዳቸዋል። በድሮው አገር የዱር ባልንጀርነት የአደን ባልንጀርነት ነበር። ጓደኛሞች አብረው ወርደው፣ በረሃ አድረው፣ ግዳይ ጥለው፣ እየፎከሩ ይመለሱ ነበር። ፉከራውና ግዳዩ ቢቀርም በመካከል የነበረው ነገር፣ አብሮ መከታተል፣ አብሮ መራብ፣ አብሮ መጠበቅ፣ ሊቀር አይገባውም ነበር።

እጅን ባዶ አድርጎ የሚመልስ አደን ምን እንደሚመስል ከነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ የተሻለ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከአርባ ምንጭ አጠገብ ያለውን ይህን ፓርክ ሲያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ተጨፍልቆ የሞተ ወፍ አገኙ። ለጥናት የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ወፏ በሌሊት በርራ ነፍሳት ከሚለቅሙት ናይትጃር ከሚባሉት ወገን ናት (እኛ የሌሊት ወፍ የምንላት ጡት አጥቢ ከዚህ ጋር አትገናኝም)። ክንፉ ከሚታወቅ ከማንኛውም ዝርያ ጋር አልገጠመም። እ.ኤ.አ. በ1995 አምስት ሰዎች፣ ዘውዴ የሚል ስም ያለው አንድ ደራሲም በመካከላቸው ሆኖ፣ አዲስ ዝርያ መሆኑን በአይቢስ መጽሔት ጽፈው አወጁ። የላቲን ስሙን ሶላላ አሉት፤ ትርጉሙ ብቸኛ ክንፍ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሕያው ሆና አየኋት ያለ ሰው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2009 አራት ወዳጆች፣ ኢያን ሲንክሌር፣ ቬርኖን ሄድ፣ ጄሪ ኒኮልስ እና ዴኒስ ዌር፣ መብራት ይዘው በነጭ ሳር ሜዳ ላይ በሌሊት ፈለጓት፤ አየናትም አሉ። ሄድ ጉዞውን እ.ኤ.አ. በ2014 በመጽሐፍ አወጣው። ያዩት በእርግጥ እሷ ናት ወይ የሚለውን በአንድ ሌሊት እይታ ብቻ መቁረጥ ያስቸግራል፤ በሙዚየም ያለው ማስረጃ ያው ክንፍ ነው። የጉዞው ሚዛን ግን በዚህ ክርክር አይወሰንም። ሰዎቹ በአንድ ክንፍ ብቻ ስለምትታወቅ ወፍ ሲሉ አገር አቋርጠው፣ በጨለማ አብረው መብራት ይዘው ፈለጉ። የአንዱ ዓይን የሌላው ምስክር ሆነ። እንዲህ ያለ መተማመን በካፌ ወንበር ላይ በቀላሉ አይገኝም።

ሳይንሱም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ የለካቸው ቢሆንም። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 1,292 ሰዎችን በስልክ መተግበሪያ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ጥናት፣ ወፍ ማየት ወይም መስማት መንፈስን እንደሚያነቃና ስሜቱም እስከ ስምንት ሰዓታት ያህል ሊቆይ እንደሚችል አሳየ። ድባቴ በተገኘባቸው ሰዎች ላይም ይኸው ታየ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ 148 ጥናቶችን አሰባስበው፣ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን የሚመለከት ውጤት አቀረቡ፤ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ይበልጣል። ወፍና ወዳጅ በአንድ ጠዋት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እርግጥ ነው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ዱር መድኃኒቱን አይተካም። አብሮ የሚሄድ ወዳጅ ግን ሐኪሙ ሊያዝዘው የማይችለው ነገር ነው።

«ይህ የባለገንዘብ ጨዋታ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። መኪና፣ አጉሊ መነጽር፣ የፓርክ መግቢያ፣ የጸጥታ ሁኔታ፤ ሁሉም እውነተኛ እንቅፋት ነው። መልሱን ግን በርጋ ላይ ገበሬዎች ሰጥተውታል።

በርጋ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኝ ረግረግ ሜዳ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የምትባል፣ ከጭብጥ የማትበልጥ ወፍ እዚያ ተገኘች። በረጅም ሣር ውስጥ ትሹለከለካለች፤ ነጭ ክንፏ የሚታየው ስትበር ብቻ ነው። ለአቅመ መራባት የደረሱት በመላው ዓለም ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል። እንቁላል የምትጥለው በክረምት፣ ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት ወቅት ነው። በዚያው ወቅት ከብት ሣሩን ይፈልጋል፤ አጨዳም አለ። የአካባቢው ሰዎች የወፍ ወዳጆች ቡድን አቋቁመው በመራቢያዋ ጊዜ ከብት እንዳይገባባት ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከጎናቸው ቆመ። ይህችኑ ወፍ በአገራቸው የሚፈልጉ የደቡብ አፍሪካው የሚድልፑንት ረግረግ ማኅበር ሰዎችም ለበርጋ ልጆች ትምህርት ቤት ለማሠራት ረዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 በራሳቸው በሚድልፑንት የተተከሉ ካሜራዎች ወፏ እዚያም እንደምትራባ አሳዩ። በአንድ በማትታይ ወፍ ምክንያት፣ ቋንቋ ለቋንቋ የማይግባቡ ሁለት የአፍሪካ ዳርቻዎች ተወዳጁ።

የበርጋ ታሪክ ከነጭ ሳሩ ይበልጣል ብሎ መፍረድ ይቻላል። በነጭ ሳር ጓደኝነቱ ፍለጋውን ወለደ፤ በበርጋ ፍለጋው ጓደኝነቱን ወለደ፤ ጓደኝነቱም ተመልሶ ወፏን ጠበቀ። የባሌ ቀይ ቀበሮ ጠባቂዎችም እንዲሁ ናቸው። በፈረስ ሆነው መንጋ የሚከታተሉት የአካባቢው ሰዎች ከውሻ የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. ቀበሮዎቹን ሲፈጅ አይተዋል። በዓለም ከቀሩት ከ500 ከማይበልጡ ጎልማሳ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ በእነሱ ተራራ ላይ ናቸው። ሲያልቁ የተሰማውን ሐዘን የሚካፈል ሰው በፈረስ አብሮ የወጣው ነው።

ወደ ላፍቶ ሲመለስ፣ ብርቅ ነገር ሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያና ኤርትራ ውጭ የማትገኘው አንገቷ ነጭ ርግብ በየቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ናት። ትንሹ አቃቂ ቆሻሻ ተጭኖትም ቢሆን በዳርቻው ወፍ አያጣም፤ ወንዙ ቢጸዳ የሚጠቅመው ለአዕዋፍ ብቻ ሳይሆን በዳርቻው ተቀምጦ ለሚተክዝ ወጣትም ነው፤ ክፍለ ከተማውና ወረዳዎቹ የወንዝ ዳርቻ ሲያለሙ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን ረጅም ሣርም ሊተዉለት ይገባል። ከአቃቂ በታች በአባ ሳሙኤል ውኃ ዳር ደግሞ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ክሬን የሚባሉ ባለ ረጃጅም እግር ወፎች ከጥቅምት ጀምሮ ይወርዳሉ።

አንዱ አባቱን የቀበረ፣ ሌላው እንዴት እንደሚያጽናናው የጨነቀው ሁለት የጀሞ ጓደኛሞችን ማሰብ ነው። በጥቅምት እሑድ፣ ገና ሳይነጋ፣ ጃኬት ደርበው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። ጭጋጉ ውኃው ላይ ተኝቷል። አንዱ በጣቱ ያሳያል፤ ሌላው «የታለ?» ይላል። «ከቀኝ፣ ከቋጥኙ አጠገብ።» አይታየውም። ጓደኛው ከኋላው ሆኖ ትከሻውን ይዞ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል።