ሲግናሉ ነፃ ነው፤ ንቃቱስ?

የጂፒኤስ ሲግናል ነፃ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከሰማይ ይልከዋል፣ መቀበያ ያለው ሁሉ ይጠቀማል። ለስልካችንም ሆነ ለአውሮፕላን የወር ክፍያ ብሎ ነገር የለም። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ እንጂ አብራሪነት አይደለም። ግን አንድ ነገር ነፃ ነው ሲባል «ታዲያ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?» ብዬ መጠየቅ ይቀናኛል። እዚህ ላይ የሚከፈለው የአብራሪው ንቃት ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ከሳተላይቱ በፊት የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1995 የአሜሪካን ኤርላይንስ ቦይንግ 757 ኮሎምቢያ፣ ካሊ ከተማ ሊያርፍ ተቃርቧል። ከመቆጣጠሪያው አጭር መንገድ ሲቀርብላቸው አብራሪዎቹ ተጣደፉ። ሮዞ ወደተባለው የሬዲዮ ጣቢያ ለማምራት ኮምፒውተሩ ላይ «አር» የሚለውን ፊደል አስገቡ፤ ካርታቸው ላይ ሮዞ የተጻፈው በዚሁ ፊደል ነበርና። ኮምፒውተሩ ግን በዚያ ፊደል ያስቀደመው ቦጎታ አጠገብ ያለውን ሮሜዮ የተባለ ጣቢያ ነው። አውሮፕላኑ እንደታዘዘው ዞረ፤ በጨለማ ከተራራ ጋር ተላተመ። ከ163 ሰዎች የተረፉት 4 ብቻ ናቸው።

ልብ በሉ፣ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። የጎደለው ቆም ብሎ ማረጋገጥ ነው።

ሳተላይት ሲመጣ ይኼ ጣጣ አልቀረም። እንዲያውም ስክሪኑ ትክክል በሆነ ቁጥር እኛም የምናምነው ያን ያህል ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሊዛን ቤይንብሪጅ ነገሩን በ1983 ጽፋዋለች፦ ማሽኑ ቀላሉን ሥራ ወስዶ ከባዱን ለሰው ይተዋል፤ ሰውየው ደግሞ በየቀኑ ስለማይሠራው ችሎታው ይዝጋል።

ከባዱ ቀን ደግሞ መጥቷል። በ2024 ፊንኤር በጂፒኤስ መታወክ ምክንያት ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር ያህል አቋርጧል። እዚያ ማረፊያው ዘዴ ጂፒኤስ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ሌላ አማራጭ እስኪዘጋጅ መጠበቅ ግድ ሆነ። ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ላይ ይባስ ብሎ የሐሰት ሲግናል አውሮፕላኑን በሌለበት ቦታ እንዳለ አድርጎ ያሳያል። የእኛው አየር መንገድ ደግሞ ቴል አቪቭና ቤሩት ይበራል። ስለዚህ ወሬው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ሳተላይት ይቅር እያልኩ አይደለም። መንገድ ያሳጥራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ በየተራራው ውድ ጣቢያ ከመትከልም ያድናል። የምለው ሌላ ነው፦ መሣሪያው በተገዛበት በጀት ላይ፣ መሣሪያው ጠፍቶ የሚሰጥ ልምምድም አብሮ ይግባ። አሜሪካ እንኳ የመሬት ጣቢያዎቿን ስትቀንስ ለክፉ ቀን የሚሆኑትን አስቀርታለች።

ልምምድ ወጪ ነው፤ ሪፖርት ላይ አያምርም፣ ሪባንም አይቆረጥለትም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰውም እሱ ነው። ስክሪኑ ሲዋሽ ግን ተሳፋሪው የሚተርፈው በዚያው ልምምድ ነው። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ጂፒኤስ ሳይኖር ነው፤ ለጂፒኤስም ይሠራል።