የፎገራ ቫይረስ በፎገራ ይነበብ

በሄፓታይተስ ቢ ጉበቱ የታመመ ሰው «ቫይረሱ አለብህ» ብቻ ተብሎ የሚሸኝበት ዘመን አብቅቷል። ከደማችን የተገኘ ዕውቀት በሩቅ አገር መጽሔት ታትሞ ወደ ፎገራዋ ወረታ የማይመለስበት ዘመን አብቅቷል። በዚህ ላይ አንከራከርም።

ቫይረሱ አንድ መልክ የለውም። የሄፓታይተስ ቢ ዘረ መል 3,200 ገደማ ፊደላት ብቻ ቢኖሩትም፣ ራሱን ሲያባዛ የሳተውን ስለማያርም ከትውልድ ትውልድ ይለዋወጣል። ጠቅላላ ዘረ መላቸው ከ8 በመቶ በላይ የተራራቁት ቫይረሶች በተለያየ ጀኖታይፕ (ዓይነት) ይመደባሉ። በኢትዮጵያ የሚበዙት ኤ እና ዲ ናቸው፤ ዲ10 የተባለው ንኡስ ዓይነት ደግሞ ለዓለም የታወቀው ከኢትዮጵያውያን ደም ነው። ስለዚህ እንግዳ አንባቢዎች አይደለንም፤ ጽሑፉ የእኛው ነው።

ወረታ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ከርብ እስከ ጉማራ ያለው ገበሬ ኤክስ-ጅግናን ከሌላው ሩዝ ለይቶ ያውቃል። የማሳውን ዝርያ የሚለይ ሕዝብ በደሙ ያለውን ሳይለይ አይቀርም።

ልዩነቱ ሕክምናን ይነካል። ኢንተርፌሮን የተባለው መድኃኒት ከዲ ይልቅ በኤ ላይ ይቀናዋል። ዲ ባለበት ቫይረሱ «ኢ» የተባለውን ፕሮቲን መሥራት ትቶም መባዛቱን የሚቀጥልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያንን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ሰውን ያዘናጋል። ክትባቱ ግን ሁሉንም ዓይነት ይከላከላል፤ «መጀመሪያ ዓይነቱ ይጠና» ብሎ ክትባት የሚያዘገይ ከእኛ ወገን አይደለም!

እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የአገራችን ሕፃናት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ይከተባሉ። እናት በወሊድ ጊዜ ለምታስተላልፈው ቫይረስ ግን ስድስት ሳምንት ረጅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትባት ከተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ሕፃናት ይሰጥ ያለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ዓይኑ ቢጫ የሆነውን «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ሥር የሚያዘጋጁትን አዋቂዎች አናዋርድም፤ ሕመምተኛውን እንዲልኩልን እንጠራቸዋለን። ከሕፃንነቱ የተያዘ አብዛኛው ሰው ግን ዓይኑ ቢጫ ሳይሆን ዓመታት ይኖራል። እሱን የሚያገኘው ምርመራ ብቻ ነው።

የዘረ መል ንባብ በጎንደርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሠራ እንተጋለን። ናሙናው ከወረታ፣ ከሐሙሲትና ከአዲስ ዘመን ይነሣል፤ የሰጪው ስም ተሰውሮ ይጠበቃል፤ ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ለሰጪው ይመለሳል። የመጀመሪያው ሥራችን ነፍሰ ጡሮች ናቸው፦ እያንዳንዷ ትመርመር፣ ቫይረሱ ከተገኘባት የእርሷ ሕክምና ይጀመር፣ ልጇም ከተወለደ ሳያድር ይከተብ።