ተራራ ወጥቶ የሚመለስ ሰው ምን ይዞ ይመለስ?



ባለፈው ሴሚስተር አንድ መምህራችን «የማይረሳ የተራራ ላይ ዕረፍት» በሚል ርዕስ አንዳንድ ገጽ ጽፈን እንድንመጣ አዘዙን። በማግስቱ ክፍላችን ስዊዘርላንድ ሆኖ ዋለ። አንዱ በኬብል ካር ተንጠልጥሎ ተራራ ወጣ፣ ሌላዋ በረዶ ላይ ተንሸራተተች፣ ሦስተኛው ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ ትኩስ ቸኮላት ጠጣ። እኔም ከእነሱ አላነስኩም፤ አልፕስን ከፊልም እየቀዳሁ አንድ ገጽ ተኩል ሞላሁ። አንብቤ ስጨርስ መምህሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ሄደህ ታውቃለህ?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኩ። «ታዲያ አንተ የሄድክበት ተራራ የለም?» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ምክንያቱም ነበረኝ። ጮቄ ወጥቼ፣ አድሬ ተመልሻለሁ። ለምን እሱን ትቼ ያላየሁትን እንደጻፍኩ ለራሴም ገረመኝ። ይሄን ጽሑፍ የዚያ የቤት ሥራ ማረሚያ ነው ብላችሁ ውሰዱልኝ።

አልፕስን ላጣጥል አይደለም የተነሳሁት። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዩንግፍራውዮኽ የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ። በ1912 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ 3,454 ሜትር ላይ ስለሚገኝ «የአውሮፓ ጣሪያ» ይሉታል። ሰው ከዓለም ዙሪያ መጥቶ፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ እዚያ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል። ጮቄ ላይ ከዚያ ከፍታ በላይ በሬ ጠምዶ ገብስ የሚዘራ ገበሬ አለ! የተራራው ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው መካከል የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር አንዱ ነበር። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ዜል አም ዜ እና ቫግራይን የሚባሉ የኦስትሪያ የአልፕስ መንደሮችም አሉ። እንግዲህ እኛ በፊልም የምንመኘው አልፕስ ከጮቄ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ወሬውንም የሰማን አንመስልም።

እኔ የማንኩሳ ልጅ ነኝ። ማንኩሳ ስል ሰው ሁሉ «የበዛብህ አገር!» ይለኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ካሳተሙበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን በመጽሐፍ ገብታለችና አይፈረድበትም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገድ ዳር ታገኟታላችሁ። እኛ ወይና ደጋዎች ነን፤ በቆሎና በርበሬ አያሳጣን እንጂ ስለ ተራራ ብዙም አናስብም። በእኛ አገር ተራራ የሚወጣ ሰው ወይ ታቦት ሊሳለም ነው፣ ወይ ጠበል ሊጠመቅ ነው፣ ወይ ዘመድ ሊጠይቅ ነው። «ዕረፍቴን ላሳልፍ ተራራ ሄድኩ» ቢል «ምነው፣ አመመው እንዴ?» ነው የሚባለው።

እኔን የወሰደኝ የአክስቴ ልጅ ነው። 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሰጠበት ዓመት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ከፈተናው ተመልሼ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ጥቅምት ላይ፣ ደብረ ማርቆስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ «ና ጮቄን ላሳይህ፤ ጭንቅላትህ ይናፈስ» ብሎ ደወለልኝ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር ሄድን። እኔ በሸራ ጫማና በስስ ጃኬት! አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን አላሳቀኝም።

ከዚያ ጉዞ ምን ቀረልህ ብትሉኝ መጀመሪያ የምጠራው ብርዱን ነው። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ «ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ» እያልን ስንሸመድድ ውርጭ ለእኔ የፈተና መልስ ብቻ ነበር። ጮቄ ላይ ግን ውርጭ ማለት ጠዋት ከቤት ስወጣ ሳሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ ማየት፣ ስረግጠው ቅሽሽ ሲል መስማት፣ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ የጫማዬን ክር ማሰር አለመቻል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማርኩትን አንድ ቃል አንድ ሌሊት አስረዳኝ። ተራራ የምትወጡ ሰዎች፣ ጋቢና ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ብርዱን ግን አትሽሹት። ፀሐይ ወጥታ ጀርባን ስትነካ የሚሰማው ደስታ የሚገኘው ሌሊቱን ለተንቀጠቀጠ ብቻ ነው።

ሁለተኛው በዝግታ መሄድ ነው። እኔ መጀመሪያ ልሩጥ አልኩና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሴን ወጋኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ከፍታው ቀልድ አያውቅም። ሳር የተሸከሙ አንዲት አሮጊት ቀድመውኝ አለፉ፤ ማፈር ቀርቶ ሰላም ለማለት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ዝግ ማለት ስጀምር ግን ዓይኔ ተከፈተ። ባሕር ዛፉ የሆነ ቦታ ላይ ያቆማል። ከዚያ አስታው ይመጣል። ከፍ ሲሉ ደግሞ ጓሳ ሳሩና ጅብራው ብቻ ይቀራል። ጅብራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጉም ሲሸፍነው ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። እኔ እንዲያውም አንዱን «እንደምን ዋሉ?» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ ያደርንበት ቤት ነው። መሽቶብን አንድ ደጃፍ ላይ ቆመን «የመሸብን እንግዶች ነን» አልን። የቤቱ እመቤት «ግቡ ልጆቼ፣ እግዜር ያመጣውን እንግዳ ማን ይመልሳል» አሉን። የኩበት እሳት አነደዱልን፣ ድንች ቀቀሉልን፣ የእንግዶ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን። ሲመሽ ያለችውን አንድ ባና ለእኛ ሰጥተው እሳቸው ከልጃቸው ጋር እሳቱ ዳር በነጠላ ተኙ። እንቢ ብንል አልሰሙንም። ጠዋት ገንዘብ ስናወጣ ተቆጡ፤ «የቆላ ሰው እንግዳ ይሸጣል እንዴ?» አሉን። እኔ ቆላ አይደለሁም ልል ፈልጌ ነበር፤ ከእዚያ ሆኖ ለሚያየው ግን ማንኩሳም ቆላ ናት።

እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ትንሹ ልጅ እሳቱ አጠገብ ተኮራምቶ ሲያንቀላፋ አየሁት። የተቀደደ ሸሚዝ፣ በጭስ የጠቆረ ግድግዳ፣ ፊቱ ላይ የእሳቱ ብርሃን። ስልኬን አወጣሁና ማንንም ሳልጠይቅ አነሳሁት። ማርቆስ ስንመለስ «የጮቄ ውበት» ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ሦስት መቶ ምናምን ሰው ወደደልኝ። «ዋው!» አሉኝ። የልጁን ስም የጠየቀ አልነበረም። እኔም አላውቀውም ነበርና ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

ያ ፎቶ ላይ ያልነበረው ነገር ደግሞ ይኼውላችሁ። ጠዋት አባወራው ማሳቸውን ሊያሳዩን ወሰዱን። ዳገት ላይ የተንጠለጠለ ገብስ ነው። ከላይኛው ጫፍ አፈሩ አልቆ ድንጋዩ አፍጥጧል። «በአባቴ ጊዜ እዚህ ጋ ድንች ይወጣ ነበር» አሉ በዱላቸው እየጠቆሙ። «ታዲያ አፈሩ የት ሄደ?» አልኩ እኔ ሞኙ። ሳቅ ብለው ወደ ታች፣ ወደ እኛ አገር አሳዩኝ። «ወደ እናንተ ነዋ!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከጮቄ ብዙ ወንዝ ይነሳል። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ያለው ጨሞጋ ከዚያ ነው። ደምበጫ ስንደርስ በመኪና መስኮት የምናየው ተምጫም ከዚያ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ተምጫ ቀይ ሆኖ ሲወርድ አይቼ አድጌያለሁ፤ በልጅነቴ የወንዝ መልኩ ይኼው ይመስለኝ ነበር። ለካ የሰው ማሳ ነው! ባናቸውን ያለበሱኝ ሴትዮ እርሻ ነው ተፈጭቶ የሚወርደው። እነዚህ ወንዞች ሁሉ መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም ጨፍረናል፤ ይገባናልም። ነገር ግን ግድቡ የሚይዘው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ከጮቄ የሚታጠበው አፈርም ወደዚያው ነው የሚወርደው። ስለዚህ የዚያ አባወራ ጉዳይ የአንድ መንደር ጉዳይ አይደለም።

ተራራ ያልቃል ወይ የሚል ካለ ወደ ሰሜን ተራሮች ይመልከት። ብሔራዊ ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ሃያ አንድ ዓመት! የእኔን ዕድሜ ያህል ማለት ነው። ዋልያን የሚያህል ብርቅ እንስሳ ያለበት፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ፓርክ ከሕመሙ ለመዳን ይህን ያህል ከፈጀበት፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማንጠራው ጮቄ ቢታመም ስንት ይፈጅበት ይሆን?

አንዳንድ ጓደኞቼ ይሄን ስነግራቸው «አንተ ደሞ ነገር ታከብዳለህ። ሰው ለመዝናናት ነው የሚሄደው። ሎጅ ይሠራ፣ ቱሪስት ይምጣ፣ ገንዘብ ይግባ፣ አለቀ» ይሉኛል። ሎጅ አይሠራ አላልኩም። ገንዘብ መግባቱማ ግድ ነው፤ ቅልቅል ድንችና መልካም ልብ ብቻውን ልጅ አያስተምርም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ተራራ ሄዶ ከፍታውን አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ ሰው ያየውን በሳምንቱ ይረሳዋል። የማይረሳው ባለዕዳ ሆኖ የተመለሰ ነው። ብርዱ ያስተማረው፣ ዳገቱ ያዋረደው፣ የማያውቀው ሰው ያለበሰው፣ የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ያየ ሰው ነው የማይረሳ ነገር ይዞ የሚመጣው።

ይሄ ደግሞ እኔ የፈጠርኩት ሐሳብ አይደለም፤ አገሬው ድሮም የሚያውቀው ነው። ሰከላ ወረዳ ግሽ ዓባይ ሂዱና እዩ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ በ1618 እ.ኤ.አ. ምንጩን አይቶ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን በ1770 እ.ኤ.አ. ደርሶ ቀዳሚው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎ ፎከረ፤ ውሃውን በጽዋ ቀድቶም በንጉሡ ስም ጠጣ። የእኛ ገበሬ ወደዚያው ምንጭ እህል ሳይቀምስ፣ ጾሙን ነው የሚቀርበው። አንዱ ምንጩን አገኘሁት አለ፤ ሌላው ምንጩ ጠበል ሆነኝ፣ ዳንኩበት አለ። ከሁለቱ የትኛው ነው ተራራ መሄድ የሚያውቅበት? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ነገ ጠዋት ተነስታችሁ ሂዱ እያልኩ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገዱ እንዴት እንደከበደ የማያውቅ የለም። እኔም ከዚያች ጥቅምት በኋላ ጮቄን አላየሁም። ፎቶውን ከፌስቡክ አጥፍቼዋለሁ። ግን ማጥፋት ይቅርታ መጠየቅ አይደለም። ሴትዮዋ ስልክ የላቸውም፣ መልእክት የምልክበት ሰውም አላገኘሁም። ያ ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ገብቶ ይሆናል፤ ወይም በግ እየጠበቀ ይሆናል። ባናዋ አሁንም አንድ ብቻ ትሆን ይሆናል። ማታ ዶርም ውስጥ ብርድ ልብሴን ስስብ አንዳንዴ ትዝ ይለኛል።

መንገዱ ሲከፈት፣ እግዜር ይክፈተውና፣ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች በየዓመቱ ከምንሄድባቸው ሽርሽሮች አንዱ ወደ ተራራ ይሁን እላለሁ። አውቶቡስ ተከራይተን፣ ስፒከር አስጩኸን፣ ኬክ ቆርሰን ለመመለስ ግን አይሁን። ጥቂት ሆነን እንሂድ። ገበሬ ቤት እንደር፤ ያደርንበትን እንክፈል፤ ገንዘብ አንቀበልም ካሉን ባና ይዘን እንሂድ። ፎቶ ከማንሳታችን በፊት ስም እንጠይቅ። ስንመለስም «ዋው» የሚያሰኝ ሳይሆን ስለዚያ አባወራ ማሳ የሚናገር ጽሑፍ ይዘን እንምጣ። ጋዜጠኝነት የምንማረው ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆን?

መምህሬ፣ የቤት ሥራዬ ዘግይቶም ቢሆን ይኼው። ሄጄ አውቃለሁ። ዕዳም አለብኝ።

ቸር እንሰንብት።